የማያሚ ቢችን የአርት ዲኮ ሰፈር በእግር ስትጎበኙ

ልስን የሚሠራ ሰው ሕንፃን ከአናቱ ጀምሮ ወደ ታች ያያል፤ ሥራውን የሚጀምረውም ከላይ ነውና። ግማሽ ዕድሜዬን ግድግዳ ስለስን የኖርኩ ስለሆንኩ፣ አርት ዲኮ በተባለው፣ በጂኦሜትሪ መስመሮችና ቅርጾች በሚያጌጥ የሕንፃ ስልት በታወቀው፣ አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ማያሚ ቢች በሚገኘው ኦሽን ድራይቭ ጎዳና ላይ መጀመሪያ የቆምኩ ዕለት ዓይኔን የሳበው ባሕሩ አልነበረም። ከየመስኮቱ በላይ ወጣ ያሉት ቀጫጭን የኮንክሪት ጥላዎች ነበሩ። አስጎብኚዎቹ «ቅንድብ» ይሏቸዋል። ብዙ ሰው ጌጥ ብቻ ይመስሉታል። አየር ማቀዝቀዣ በየክፍሉ ባልነበረበት ዘመን ግን ፀሐይን ከመስኮቱ ላይ የሚከልሉት እነርሱ ነበሩ። እናንተም ስትሄዱ መጀመሪያ ቀና ብላችሁ ቅንድቦቹን ተመልከቱ።

ሰዓቱን አትሳቱ። በኦሽን ድራይቭ ሆቴሎቹ የተደረደሩት በምዕራቡ ወገን ነው። በምሥራቅ በኩል ላመስ ፓርክ፣ ቀጥሎ አሸዋው፣ ከዚያ አትላንቲክ ውቅያኖስ አለ። ስለዚህ የማለዳ ፀሐይ ያለ ከልካይ ፊታቸው ላይ ታርፋለች፤ በልስኑ ላይ የተቀረጸው መስመር ሁሉ ጥላ እየጣለ ጎልቶ ይወጣል። ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ወደ ጀርባቸው ስለምትዞር ያው ግድግዳ ድፍን ይሆናል። እኔ የመጀመሪያ ጉብኝቴን በነሐሴ እኩለ ቀን ጀምሬ ሙቀቱ ሁለት መንገድ እንኳ በወጉ አላስኬደኝም። ከቻላችሁ ሙቀቱና ዝናቡ ጋብ በሚልበት ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ሂዱ። ውኃ፣ ባርኔጣና የለመዳችሁትን ጫማ ያዙ።

ከአስጎብኚው በፊት አንድ ጊዜ ብቻችሁን ሂዱ። ከ5ኛው መንገድ ተነሥታችሁ እስከ 15ኛው ወደ ሰሜን ብትጓዙ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በሕንፃዎቹ ሥር ሳይሆን በፓርኩ በኩል ሂዱ፤ ሙሉ መልካቸው የሚታየው ከዚያ ነው። ሦስት ቁጥርን ፈልጉ። ብዙዎቹ ሦስት ፎቅ ናቸው፤ ፊታቸውም ወደ ጎን በሦስት ተከፍሎ መካከለኛው ክፍል እንደ ደረጃ ከፍ ይላል። እንደ መርከብ መስኮት ክብ የሆኑትን፣ የመርከብ አጥር የሚመስሉትን የብረት መደገፊያዎች፣ በልስን የተሠሩትን የዘንባባ ቅርጾች አስተውሉ። የገረማችሁን ሁሉ በወረቀት ጻፉ። ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ከአስጎብኚው የሚያገኘው እጥፍ ነው።

በአስጎብኚ የሚመራው ጉብኝት የሚነሣው በ10ኛው መንገድ አጠገብ፣ ኦሽን ድራይቭ ቁጥር 1001 ከሚገኘው ማዕከል ነው። ጉብኝቱን የሚያዘጋጀው ማያሚ ዲዛይን ፕሪዘርቬሽን ሊግ የተባለው የቅርስ ጥበቃ ማኅበር ነው። ሰዓቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡና ቦታ ያዙ።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ሁሉ ውበት የችግር ዘመን ሥራ መሆኑ ነው። በመስከረም 1926 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከባድ አውሎ ነፋስ ከተማዋን መታት፤ ጥቂት ቆይቶ የዓለም ኢኮኖሚ ወደቀ። በ1930ዎቹ የተነሡት ሆቴሎች መካከለኛ ገቢ ላለው እንግዳ የታሰቡ፣ በጠባብ ቦታ ላይ የቆሙ ትናንሽ ሕንፃዎች ናቸው። አርኪቴክቶቹ ውድ ድንጋይ እንደ ልብ የሚያዝዙበት ጊዜ ስላልነበረ በሲሚንቶ፣ በልስንና በቀለም ተራቀቁ። ሄንሪ ሆሃውዘር በ1935 የሠራውን ኮሎኒ ሆቴልን እዩ፤ ግድግዳው ልሙጥ ነው፤ ሙሉ ኃይሉ በመሐል ቀጥ ብሎ በወረደው የስም ሰሌዳና በአግድም መስመሮቹ ላይ ነው። ከዚያ በ1938 ወደ ሠራው ኤሴክስ ሃውስ፣ ኮሊንስ ጎዳና ጥግ ላይ ወዳለው፣ እለፉ። መርከብ ወደብ ላይ የቆመች ይመስላል። በአገልግሎት ላይ ባሉት ሆቴሎች አስፈቅዳችሁ ወደ እንግዳ መቀበያው ግቡና ወለሉን ተመልከቱ። የእብነ በረድ ፍንካች በሲሚንቶ ተቦክቶ ከተነጠፈ በኋላ ተፍቆ የተወለወለ ቴራዞ ነው፤ ቀለሞቹን የሚለያዩት ቀጫጭን የብረት መስመሮች ናቸው። ያንን ጥምዝ መስመር ሳይሰበር ማዞር ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የሠራ ያውቀዋል።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር እወቁ። ሮዝ፣ ውኃ አረንጓዴና ሎሚ ቢጫው ከመጀመሪያው የነበረ አይደለም፤ ሕንፃዎቹ ሲሠሩ በአብዛኛው ነጭ ነበሩ። ቀለሙ የመጣው በ1980ዎቹ ከዲዛይነሩ ከሌናርድ ሆሮዊትዝ ነው። እርሱና ባርባራ ካፒትማን ያንን የቅርስ ጥበቃ ማኅበር በ1976 ሲመሠርቱ ሰፈሩ አርጅቶ፣ ሊፈርስ የታሰበ ነበር። በ1979 ሰፈሩ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ። ይህም የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሕንፃዎች ሰፈር ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነበር። መዝገቡ ግን ሁሉንም አላዳነም። ካፒትማንና ጓደኞቿ ቢለምኑም ቢሰለፉም ሴኔተር ሆቴል በ1988 ፈረሰ። ምክንያቱ የመኪና ማቆሚያ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

አስጎብኚያችሁ ካላነሣው የሚከተለውን እናንተ ጠይቁ። ሕንፃዎቹ ሲሠሩ በከተማዋ ያሉ ብዙ ሆቴሎች አይሁድ እንግዳ አይቀበሉም ነበር፤ ለረጅም ጊዜም አይሁድ መኖር የሚችሉት ከ5ኛው መንገድ በስተደቡብ ብቻ ነበር። ወደዚያ ብትወርዱ ዋሽንግተን ጎዳና ቁጥር 301 ላይ በ1936 የተሠራ ምኩራብ ታገኛላችሁ፤ ዛሬ የፍሎሪዳ የአይሁድ ሙዚየም ነው። የሠራው ያው ሆሃውዘር ነው። እርሱ በ1939 የሠራው በ13ኛው መንገድ ላይ ያለው ካርዶዞ ሆቴል ደግሞ የተሰየመው በአይሁዳዊው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በቤንጃሚን ካርዶዞ ስም ነው። ስሙን በሆቴሉ ፊት ላይ ስታነቡ ያንን ዘመን አስቡ። ጥቁር ሠራተኞችም በከተማዋ ለመሥራት መታወቂያ መያዝ ነበረባቸው፤ ለመዋኘት ግን ወደዚህ የባሕር ዳርቻ መምጣት አይፈቀድላቸውም ነበር። እነዚህን ወለሎች ሲወለውሉ የኖሩት እነርሱም ስለሆኑ ከታሪኩ ሊቀሩ አይገባም።

ከጉብኝቱ በኋላ አረፍ በሉና ሲመሽ ወደ ኮሎኒ ተመለሱ። የኒዮን መብራቱ ሲበራ በቀን ያያችኋቸው መስመሮች እንደገና ይሣላሉ። ፎቶ የምታነሡ ከሆነ ሰማዩ ጨርሶ ሳይጨልም፣ ገና ጥቁር ሰማያዊ እያለ አንሡ። በድቅድቅ ጨለማ መብራቱ ብቻ ይቀርና ግድግዳው ይጠፋባችኋል።