ወንዝ ንጹሕ መሆኑን ከድንጋይ ሥር እንዴት እናውቃለን?

የውሃ መመርመሪያ መሣሪያ የሚያሳያችሁ የዚያችን ደቂቃ ብቻ ነው። ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ ጠዋት ስትደርሱ አልፎ ሄዷል። ከድንጋይ ሥር ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ግን ለወራት እዚያው ናቸው። ለዚህ ነው ገንዘቤን ከመሣሪያው ይልቅ መረብ ላይ የማወጣው።

የምትይዙት፦ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ ባለ ዘንግ መረብ፣ ነጭ ትሪ፣ አጉሊ መነጽርና ቦቲ ጫማ።

ጉዱ ያለው ቦታ መረጣው ላይ ነው። አንድ ጊዜ ከፍሳሽ ቱቦ በላይና በታች ናሙና ወሰድኩ። ከላይ ስቶንፍላይ (ንጹሕ ውሃ የሚወድ የነፍሳት እጭ) ሞልቷል፣ ከታች ብክለት የሚችሉት ቀይ ትልና አልቅት ብቻ። ቱቦውን ወንጅዬ ሪፖርቱን ጻፍኩ። በኋላ ፎቶዎቹን ሳይ አፈርኩ። ከላይ የቆምኩት ውሃ በፍጥነት የሚወርድበት ጠጠር ላይ፣ ከታች ደግሞ ጭቃ ባቆረ ገንዳ ውስጥ ነበር። ስቶንፍላይ ድሮስ ጭቃ ውስጥ ምን ሊሠራ! ያወዳደርኩት ጠጠርን ከጭቃ ጋር ነው።

ስለዚህ የሁለቱም ቦታ ወለል፣ ጥልቀትና ፍጥነት ይመሳሰል። ካልተመሳሰለ ትንሽ ፈቀቅ ብላችሁ ፈልጉ። በጎርፍ ማግሥትም አትሂዱ፤ ነፍሳቱን ጠራርጎ ስለሚወስድ ንጹሕ ወንዝም ባዶ ይመስላል።

ከታችኛው ቦታ ጀምሩ። የመረቡን አፍ ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩና ከፊቱ ያለውን ድንጋይ በእግራችሁ ፈንቅሉ። 3 ደቂቃ፣ በሰዓት ተይዞ። ውሃው ከጉልበት ካለፈ ይቅርባችሁ።

ያገኛችሁትን ትሪው ላይ ገልብጡና ታገሡ። መጀመሪያ ቅጠልና አሸዋ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ አንዱ «ቅጠል» መራመድ ይጀምራል። ስቶንፍላይ ሁለት ጭራ አለው፤ እሱን የሚመስለው ሌላው የውሃ እጭ፣ ሜይፍላይ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት። ግን ጭራ ይሰበራልና አትመኑት። የሜይፍላይ ሆድ ግራና ቀኝ ስንጥቦች አሉት፣ እግሩም ጫፍ ላይ አንድ ጥፍር ብቻ ነው፤ የስቶንፍላይ ሁለት ነው።

ቢኤምደብሊውፒ የሚባለው ሠንጠረዥ ለእያንዳንዱ የነፍሳት ቤተሰብ (የሚዛመዱ ዝርያዎች ስብስብ) ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ብክለት የማይችለው ከፍ ያለውን ያገኛል። አብዛኛው ስቶንፍላይ 10፣ ኦክስጅን ባነሰበት የሚኖረው ቀይ ትንኝ መሰል ዝንብ እጭ 2። ድምሩን ለቤተሰቦቹ ብዛት አካፍሉ፦ 6 ቤተሰብ 27 ካመጣ 4.5 ነው። ከ6 በላይ ንጹሕ፣ ከ4 በታች ክፉኛ የተበከለ ይባላል። ሠንጠረዡ የተሠራው ለብሪታንያ ወንዞች ስለሆነ ለአካባቢያችሁ የተስተካከለ ካለ እሱን ያዙ።

ነፍሳቱን ወደ ውሃው መልሱ። መረቡን አጥባችሁ አድርቁ። እኔ ሳላጥብ ሄጄ ያለፈው ወንዝ ቀንድ አውጣ በሚቀጥለው ነጥብ አስቆጥሮልኛል።