ከስሙ ተነሱ፦ አርቲክል፣ ቅጽልና ብዙ ቁጥር በእንግሊዝኛ ሐረግ ውስጥ

አማርኛ «ትልልቆቹ ቤቶች» ሲል ብዙ ቁጥርን ስሙም ላይ ቅጽሉም ላይ ያሳያል። የታወቀ ነገር መሆኑን የምትናገረውን ምዕላድ (የቃል ቅጥያ፣ እዚህ «ኡ») ደግሞ ከስሙ ነጥቆ ለቅጽሉ ይሰጣል። እንግሊዝኛ ግን ሥራውን አከፋፍሎታል፦ «ዘ ቢግ ሃውዚዝ»። መታወቁን የሚናገረው «ዘ» ብቻ ነው፤ ብዛቱን የሚናገረው «ሃውዚዝ» ብቻ ነው። መሀል የተቀመጠው «ቢግ» አንድም ቤት ቢሆን ሺህ ቤት ያው «ቢግ» ነው። አብዛኛው ስሕተታችን የሚመጣው ይህን የሥራ ክፍፍል ከመዘንጋት ነው።

እዚህ የእንግሊዝኛውን ቃል እንደ አነጋገሩ በፊደል እንጽፈዋለን። «ኧ» እና «ኧን» ለአንድ ያልታወቀ ነገር የሚገቡት አርቲክሎች ናቸው፤ «ዘ» ለታወቀ ነገር የሚገባው አርቲክል ነው።

ሐረጉ ሲነበብ ከአርቲክሉ ይጀምራል፣ ሲሠራ ግን ከመጨረሻው፣ ከስሙ ነው መነሣት ያለበት። አርቲክሉ እንዲኖር ወይም እንዳይኖር የሚፈቅደው ስሙ ነውና። «አዲስ መጽሐፍ ገዛሁ» የሚለውን እንውሰድ። ስሙ «ቡክ» ነው። ይቆጠራል? አዎ። ስንት ነው? አንድ። ሰሚው የትኛው እንደሆነ ያውቃል? አያውቅም። እንግዲያው «ኧ» ይገባል፤ ቅጽሉ በመሀል ይቀመጥና «አይ ቦት ኧ ኒው ቡክ» ይሆናል። አማርኛው ያለ ምንም አርቲክል ሙሉ ስለሆነ ብዙ ሰው «አይ ቦት ኒው ቡክ» ብሎ ያልፋል። በእንግሊዝኛ የሚቆጠር ነጠላ ስም ራቁቱን አይቆምም፤ «ኧ»፣ «ዘ»፣ «ማይ»፣ «ዚስ»፣ አንዱ ከፊቱ መኖር አለበት።

አሁን መጻሕፍቱ ብዙ ይሁኑ። ስሙ «ቡክስ» ይሆናል፣ «ኧ» ወዲያው ይወድቃል፣ ቅጽሉ ግን አይንቀሳቀስም፦ «አይ ቦት ኒው ቡክስ»። ቀጥሎ ስለ እነዚያው መጻሕፍት ስናወራ ሰሚው አውቋቸዋል፤ ስለዚህ «ዘ ኒው ቡክስ»። «ዘ» ለነጠላም ለብዙም ይሆናል፤ «ኧ» ግን ትርጉሙ «አንድ» ስለሆነ ከብዙ ጋር አይቀመጥም።

ቁጥር ሲጨመር አማርኛ ያዘናጋል። «ሦስት መጽሐፍ» እና «ብዙ መጽሐፍ» በአማርኛ ምንም ጉድለት የላቸውም፤ ቁጥሩ ብዛቱን ስለተናገረ ስሙ ዝም ይላል። በእንግሊዝኛ «ስሪ ኒው ቡክስ»፣ «ሜኒ ኒው ቡክስ» እንጂ «ስሪ ኒው ቡክ» የለም። በጅምላ ስንናገርም እንዲሁ ነው። «ውሻ ታማኝ ነው» ስንል የውሻን ዘር ሁሉ ማለታችን ነው፤ ቃል በቃል የወሰደው ሰው «ዶግ ኢዝ ሎያል» ይላል። እንግሊዝኛ እዚህ ጋ አርቲክል የሌለው ብዙ ቁጥር ነው የሚፈልገው፦ «ዶግዝ አር ሎያል»። ቅጽል ቢገባም ያው ነው፤ «ኦልድ ካርዝ» አሮጌ መኪና በጠቅላላው ነው፣ «ዚ ኦልድ ካርዝ» («ዚ» እዚህ ያው «ዘ» ነው) ግን እነዚያ የምናውቃቸው አሮጌ መኪኖች ናቸው።

«ኧ» ነው ወይስ «ኧን» የሚለው የስሙ ጉዳይ አይደለም፤ ወዲያው አጠገቡ ያለው ቃል ድምፅ ነው የሚወስነው። አጠገቡ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅጽሉ ነው። «ኧን አፕል» ያልነው «ኧ ቢግ አፕል» ይሆናል፤ «ኧ ሃውስ» የነበረው «ኧን ኦልድ ሃውስ»። ለዚህ የእኛ ፊደል ከላቲኑ የተሻለ መፈተኛ ነው። ቃሉን በእንግሊዝኛ አነጋገሩ በፊደል ጻፉት፤ የመጀመሪያው ፊደል ከ«አ» ቤት ከሆነ (አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኤ፣ እ፣ ኦ፣ ኧ) «ኧን» ነው፣ ከሌላ ቤት ከሆነ «ኧ»። «ዩኒቨርሲቲ» በላቲን በአናባቢ ይጀምራል፣ በፊደል ግን «ዩ» ስለሆነ «ኧ ዩኒቨርሲቲ»፤ «ኧ ዩዝፉል ቡክ»ም እንዲሁ። «ዋን» በ«ዋ» ስለሚጀምር «ኧ ዋን-ዴይ ትሪፕ» ይባላል። በተቃራኒው «አወር» እና «ኦነስት» በላቲን ሲጻፉ ከፊታቸው የማይነበብ «ኤች» አለ፤ ስለማይሰማ «ኧን አወር»፣ «ኧን ኦነስት ማን»። ምሕጻረ ቃልም በዚሁ ይፈተናል፦ «ኧን ኤፍ ኤም ሬዲዮ»፣ ነገር ግን «ኧ ዩ ኤን ሪፖርት»።

መፈተኛው የሚከሽፈው በአማርኛ የለመድነውን አጠራር ስንጽፍ ነው። «አውሮፓዊ» ብለን «ኧን» ብንል እንሳሳታለን፤ የእንግሊዝኛው ቃል «ዩሮፒያን» ነው፣ ስለዚህ «ኧ ዩሮፒያን ካር»። አጠራሩ ከአገር አገር የሚለያይ ቃልም አለ፦ አሜሪካኖች «ኧርብ» ብለው «ኧን» ያስቀድማሉ፣ እንግሊዞች «ሀርብ» ብለው «ኧ»። «ዘ» ራሱ በዚሁ ሕግ አነጋገሩን ይቀይራል፦ ከ«አ» ቤት ድምፅ በፊት «ዚ» ይባላል፣ አጻጻፉ ግን አንድ ነው።

የማይቆጠሩ ስሞች ጉዳይ መጠንቀቅ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም አማርኛ የሚቆጥራቸውን እንግሊዝኛ አይቆጥርም። መረጃዎች፣ ምክሮች፣ የቤት ዕቃዎች፣ የቤት ሥራዎች እንላለን፤ «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ፈርኒቸር»፣ «ሆምወርክ» ግን «ኧ»ንም የብዙ «ስ»ንም አይቀበሉም። ቅጽል መጨመሩም አያድናቸውም፤ «ኧ ጉድ አድቫይስ» ስሕተት ነው። ወይ «ጉድ አድቫይስ» ማለት ነው፣ ወይም መቁጠሪያ ቃል አስገብቶ «ኧ ጉድ ፒስ ኦፍ አድቫይስ»። ሲበዛ የሚበዛው መቁጠሪያው ነው፦ «ቱ ጉድ ፒሲዝ ኦፍ አድቫይስ»። «ኒውዝ» መጨረሻው ብዙ ቢመስልም ነጠላና የማይቆጠር ነው፤ «ዘ ጉድ ኒውዝ ኢዝ» እንጂ «አር» አይባልም። ቅጽል ሲመጣ አርቲክል የሚያስገባ አንድ አስገራሚ ቦታ ግን አለ፤ የማዕድ ስሞች ናቸው። «አይ ሃድ ለንች» ያለ አርቲክል ነው፣ «አይ ሃድ ኧ ቢግ ለንች» ግን ያለ «ኧ» አይሆንም።

ስም ራሱ የቅጽል ወንበር ላይ ሲቀመጥ የቅጽል ጠባይ ይይዛል፤ ማለትም አይበዛም። «የአምስት ዓመት ልጅ» የሚለው አማርኛ እዚህ ይረዳናል፣ «ዓመታት» አንልምና። «ኧ ፋይቭ-ይር-ኦልድ ቦይ»፤ ልጆቹ ቢበዙ «ፋይቭ-ይር-ኦልድ ቦይዝ»፣ መጨረሻው ብቻ ይለወጣል። ከግስ በኋላ ሲመጣ ግን ወንበሩን ስለለቀቀ ይበዛል፦ «ዘ ቦይ ኢዝ ፋይቭ ይርዝ ኦልድ»። አርቲክሉ እዚህም አጠገቡ ያለውን ቁጥር ነው የሚሰማው፤ «ኧ ቱ-አወር ኤግዛም»፣ «ኧን ኤይት-አወር ኤግዛም»። በዚሁ ምክንያት የጫማ ሱቆች «ሹ ሾፕስ» ናቸው፣ «ሹዝ ሾፕስ» አይደሉም። «ስፖርትስ ካር» እና «ክሎዝ ሾፕ» ከሕጉ ያፈነገጡ ናቸውና እንዳሉ ይያዙ።

«ሌሎች» የሚለውን ቃል ለብቻው እናንሣ፤ በብዛት ስሕተት የሚታይበት ነውና። «ሌሎች መጻሕፍት» በእንግሊዝኛ «አዘር ቡክስ» ነው። ስም ከተከተለው ቅጽል ነው፤ ቅጽል ደግሞ «ስ» አይጨምርም። ስሙ ሲቀር ብቻ «አዘርዝ» ይሆናል። «ሀብታሞች» በጅምላ ሲባል ደግሞ «ዘ ሪች» ነው፤ «ሪችስ» አይባልም፣ ግሱ ግን ብዙ ነው፦ «ዘ ሪች አር»።

ከፊት ያለችው ወንበር አንዲት ናት። «ኧ»፣ «ዘ»፣ «ማይ»፣ «ዚስ» በእሷ ላይ ይፈራረቃሉ እንጂ አይደራረቡም። በአማርኛ «ትልቁ ቤቴ» ስለምንል «ዘ ማይ ቢግ ሃውስ» ማለት ያምረናል፤ «ማይ ቢግ ሃውስ» በቂ ነው። «ሰች» እና «ዋት» ግን ከወንበሯም ፊት ይቆማሉ፦ «ሰች ኧ ቢግ ሃውስ»፣ ሲበዛ «ሰች ቢግ ሃውዚዝ»።

ሁለት ቅጽሎች በ«ኤንድ» ሲጋጠሙ አርቲክሉ ቆጣሪ ይሆናል። «ኧ ብላክ ኤንድ ዋይት ሸርት» አንድ ዥንጉርጉር ሸሚዝ ነው፤ «ኧ ብላክ ኤንድ ኧ ዋይት ሸርት» ሁለት ሸሚዝ ነው። ሲበዛ «ኧ» ስለሚወድቅ ይህ ልዩነት አብሮ ይጠፋል፤ «ብላክ ኤንድ ዋይት ሸርትስ» ለሁለቱም ይሆናል። ማሻማቱ ካሳሰባችሁ «ሰም ብላክ ሸርትስ ኤንድ ሰም ዋይት ዋንዝ» ብላችሁ ክፈሉት።

የጻፋችሁትን ስታርሙ ብዙ ቁጥር የሆኑትን ስሞች አንድ በአንድ ያዙና ወደ ግራ ሂዱ። መንገድ ላይ «ስ» የተጨመረበት ቅጽል ካገኛችሁ «ስ»ን አስወግዱ። ጫፉ ላይ «ኧ» ካገኛችሁ ግን ከመሰረዛችሁ በፊት መሀሉን እዩ። «ፊው» ወይም እንደ «ሃንድረድ» ያለ ቁጥር ካለ «ኧ» የምትይዘው ስሙን ሳይሆን ብዛቱን እንደ አንድ ጥቅል ነው፦ «ኧ ፊው ጉድ ፍሬንድዝ»፣ «ኧ ሃንድረድ ኦልድ ቡክስ»። እንዲያውም «አምስት ተጨማሪ ደቂቃ» ሲባል ቅጽሉ ከቁጥሩ ፊት ይወጣና «ኧን ኤክስትራ ፋይቭ ሚኒትስ» ይሆናል። እዚህ ቅጽሉን ብታወጡት «ኧን»ም አብሮት መውጣት አለበት፤ «ኧ ፋይቭ ሚኒትስ» ብቻውን አይቆምም።