ድራውፓዲ መቼ ዝም አለችና?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የድራውፓዲን ታሪክ በራሷ አንደበት ልጽፍ ተነሣሁ። ማሃባራታ በሚባለው ታላቅ የህንድ ግጥም ውስጥ ያለችው፣ አምስት ወንድማማቾችን ያገባችው ንግሥት ናት። ስልሳ ገጽ ያህል ስደርስ ለአንዲት ጓደኛዬ አስነበብኳት። ጨርሳ «አሪፍ ነው፤ ግን ይቺ ሴትዮ አንቺው ነሽ፤ ሳሪ ለብሰሽ» አለችኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኳት። በሦስተኛው ቀን ደግሜ ሳነበው እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ የህንድን አፈ ታሪክ በሴት ዓይን የሚጽፉ ሰዎች ረቂቅ እጄ ሲገባ የራሴኑ ጥፋቶች ነው የማገኘው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ዝም ያለችውን ላናግራት»

ትልቁ ይሄ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ብዙዎቻችን ስንጀምር የጥንቷ ሴት አፍ የላትም ብለን ነው። አፍ ልንሰጣት እንመጣለን።

የቁማሩን ቀን ውሰዱ። ትልቁ ባሏ ዩዲሽቲራ በዳይስ ቁማር ሀብቱን፣ መንግሥቱን፣ ወንድሞቹን፣ ቀጥሎ ራሱን ተበላ። በመጨረሻ እሷን አስይዞ ተበላ። ድራውፓዲ ያን ቀን የወር አበባ ላይ ናት። አንድ ልብስ ብቻ ለብሳ የሴቶቹ ክፍል ተቀምጣለች። መልእክተኛ መጥቶ በቁማር ተበልተሻል፣ ነይ ይላታል። እሷ ግን መልሳ ላከችው። ሂድና ቁማርተኛውን ጠይቀው፤ መጀመሪያ የተበላው ራሱን ነው ወይስ እኔን?

ይሄ የሕግ ጥያቄ ነው። ራሱን አስቀድሞ ከተበላ ባሪያ ሆኗል። ባሪያ ደግሞ ምን የራሱ ነገር አለውና ያስይዛል? በፀጉሯ ተጎትታ አዳራሹ ከገባች በኋላም ጥያቄዋን አልለቀቀችም። ሕግ አዋቂ የሚባለው አዛውንቱ ቢሽማ ነገሩ ረቂቅ ነው ብሎ ሸሸ። ደፍሮ ከጎኗ የቆመው ከተቃራኒው ወገን የሆነ ቪካርና የሚባል ልዑል ነው። ነገሩ ተካርሮ ዓይነ ስውሩ ንጉሥ ድሪታራሽትራ የፈለግሽውን ለምኚኝ ሲላት፣ መጀመሪያ የዩዲሽቲራን ነፃነት ጠየቀች፤ ልጇ የባሪያ ልጅ እንዳይባል። ቀጥላ የአራቱን ከነመሣሪያቸው። ሦስተኛ ጨምሪ ስትባል ይበቃኛል አለች። አምስቱን ባሎቿን ከባርነት ያወጣቻቸው እሷ ናት።

እኔ በረቂቄ ምን አደረግኳት? ሦስት ገጽ ሙሉ አስለቀስኳት። ከዚያ አስነሥቼ ስለ ሴቶች መብት ንግግር አስደረግኳት። ያቺን አንዲት ጥያቄ አንብቤ አልፌያታለሁ።

«ሁሉም የሚያውቀው ታሪክ ነው»

እ.ኤ.አ. በ1987 ሌላው ታላቅ የህንድ ግጥም ራማያና፣ በ1988 ደግሞ ማሃባራታ በህንድ መንግሥት ቴሌቪዥን በተከታታይ ድራማ መታየት ጀመሩ። ዛሬ ብዙ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው የድራማው ታሪክ ነው። ችግሩ ድራማ መሆኑ አይደለም። ጸሐፊዋ ከየት እንደወሰደችው አለማወቋ ነው።

ለምሳሌ የራማያናዋ ሲታ የባሏ የራማ ወንድም ላክሽማና መሬት ላይ ያሰመረላትን መስመር አልፋ ስለወጣች ተጠለፈች ይባላል። ቫልሚኪ የሚባለው ባለቅኔ ደረሰው በሚባለው በጥንቱ ራማያና ውስጥ መስመሩ የለም። ድራውፓዲ ደግሞ የዓይነ ስውሩን ንጉሥ ልጅ፣ የባሎቿን ጠላት ዱርዮዳናን «የዕውር ልጅ ዕውር» ብላ ስለሰደበችው የማሃባራታው ያ ሁሉ ጦርነት መጣ ይባላል። ፑኔ በምትባል የህንድ ከተማ ያሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 1966 የእጅ ጽሑፎችን እያስተያዩ ያሳተሙት ማሃባራታ ውስጥ ይሄ ስድብ የለም። ልብ ብላችኋል? ሁለቱም ጭማሪዎች ጥፋቱን ወደ ሴቷ ይገፋሉ። በሴት ዓይን እጽፋለሁ የምትል ሰው ይሄንን ሳታጣራ ከተቀበለች፣ ክሱን ተቀብላ ይቅርታ እየለመነችላት ነው።

የራማያናዋ የባሕታዊ ሚስት አሃልያ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ኢንድራ የሚባለው አምላክ የባሏን መልክ ይዞ መጣባት። በኋላ በመጡት ተረኮች ባሏ ረግሟት ድንጋይ ሆነች። ቫልሚኪ ግን ማንነቱን አውቃ፣ ነገሩ አጓጉቷት ፈቀደች ይላል። ቅጣቷም አየር እየተመገበች፣ አመድ ላይ ተኝታ፣ ለማንም ሳትታይ መኖር ነው። ለልብ ወለድ ከድንጋዩ ይልቅ አመድ ላይ የተኛችው አትሻልም? ይህን ስል ግን አንዱ እውነተኛ፣ ሌላው የውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ራማያና በህንድ ብዙ ዓይነት ነው። እጃችሁ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ እወቁ ነው የምለው።

መልኳንም ስሟንም አደራ። ድራውፓዲ ጥቁር ናት። አንዱ ስሟ ክሪሽና «ጥቁሯ» ማለት ነው። ስክሪን ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ሆና ትመጣለች። ድራውፓዲ ማለት ራሱ የድሩፓዳ ልጅ ማለት ነው፤ ፓንቻሊ ሲሏት የፓንቻላ አገር ሴት። ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ስም እንደሚጠራት ካሰባችሁበት ግማሹ ምልልስ ተጻፈላችሁ።

«ከእኔ በፊት ማን አስቦት»

በ16ኛው መቶ ዘመን ቤንጋል ውስጥ ቻንድራባቲ የምትባል ባለቅኔ የሲታን ሐዘን መሃል ላይ አድርጋ ራማያናን ጽፋለች። ጦርነቱ ብዙም ግድ አይሰጣትም። እዚያ ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። የባሏ እህት ሲታን ያንን ጠላፊሽን ራቫናን እስቲ ሳይልኝ እያለች ትነዘንዛታለች። ሲታ እምቢ ስትል ቆይታ ማራገቢያዋ ላይ ትስልላታለች። ያቺ ሥዕል ጦስ ትሆንባታለች። በደቡብ ህንድ ቴሉጉ የሚናገሩ ሴቶች ደግሞ ቤታቸው ሲያንጎራጉሩ የኖሩት ስለ ኡርሚላ ነው። ባሏ ላክሽማና ወንድሙን ተከትሎ ጫካ ሲሄድ፣ እሷ 14 ዓመት ተኝታ ጠበቀችው። በአማት ቤት የኖረች ሴት ብቻ የምታውቀው ዓይነት ነገር ነው። ሴቶቹ ሲያወሩት የኖሩትን ሳንሰማ «ለመጀመሪያ ጊዜ» ማለት ያሳፍራል።

«ንግሥቲቱን ብቻ»

ማሃባራታ ውስጥ አምቢካ የምትባል ልዕልት ባሏ ልጅ ሳይወልድ ሞተ። ዘር እንዲተካ አማቷ ቪያሳ የሚባለውን ባሕታዊ አስገባችባት። መልኩ ስላስፈራት ዓይኗን ጨፈነች፤ ልጁ ዕውር ሆኖ ተወለደ። ዳግመኛ ግቢ ስትባል ገረዷን በራሷ ጌጣጌጥ አስውባ ላከቻት። ገረዷ ቪዱራን ወለደች፤ የግጥሙ ብልህ ሰው። የእሷን ስም ግን ግጥሙ አይነግረንም። የማክዳን ገረድ አስታወሰችኝ። የዛግዌ እናት ናት የምትባለው፤ ከንግሥቲቱ ቀጥሎ በሰለሞን ቤት ያደረችው።

ሌላም አለ። ፓንዳቫዎቹ፣ ማለትም አምስቱ የድራውፓዲ ባሎች፣ ከነእናታቸው ከኩንቲ ከሚቃጠል ቤት ሲያመልጡ፣ ጠጥታ የተኛች አንዲት ከዝቅተኛ ወገን የሆነች ሴት ከአምስት ልጆቿ ጋር እዚያው ተቃጠለች። ጠላት ስድስቱን አስከሬን አይቶ እነሱ ሞቱ ብሎ አመነ። ኩንቲን የምትወዱ ሰዎች፣ እዚህ ገጽ ላይ ስትደርሱ ምን ታደርጋላችሁ? አብዛኛው ረቂቅ ዘሎ ያልፋል።

«ጥሩውን መጥፎ ላድርገው»

ራማን አውሬ፣ ራቫናን ደግሞ ያልተረዱት አፍቃሪ ማድረግ። ጠላፊ ነው እኮ! በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ብቻ ደቡብ ህንድ ታሚል ናዱ ውስጥ ድራውፓዲ የምትመለክባቸው ቤተ መቅደሶች አሉ፤ ምእመናን በስሟ ፍም ላይ ይሄዳሉ። ተቹ፣ ተከራከሩ። ባለቤት የሌለው ተረት እንደያዘ ሰው ግን አትጻፉ።

«ሁሉን ትይልኝ»

«እኔ» ብላ የምትተርክ ሴት ጦር ሜዳ አትውልም። ጦርነቱ 18 ቀን ፈጀ። ስለዚህ ጸሐፊው በር ሥር እያስቆመ ያሰማታል፣ በሕልም ያሳያታል። የእኔዋ ሴት ስንት መጋረጃ ኋላ እንደቆመች አልነግራችሁም።

አሁን ግን ካልነበረችበት አልወስዳትም። በመጨረሻው ሌሊት አሽቫታማ የሚባል የጠላት ተዋጊ ሰፈሩ ውስጥ ገብቶ አምስቱን ልጆቿን በተኙበት ሲገድል እሷ እዚያ አልነበረችም። ኡፓፕላቭያ የምትባል ከተማ ናት። ከባሎቿ አንዱ ናኩላ በሠረገላ ሄዶ አመጣት። ዜናውን የሰማችው እዚያው ከተማው ነው፤ የወደቀችው ግን ሰፈሩ ደርሳ ዩዲሽቲራ ፊት ነው። መንገዱን ግጥሙ ዝም ብሎ ያልፈዋል። እኔ አሁን እሱን ነው የምጽፈው፤ ሠረገላውን፣ አቧራውን፣ ዞር ብሎ ሊያያት ያልደፈረውን ናኩላን። ሃያ ገጽ ሆኗል። እስካሁን አላለቀሰችም።