ባዮጋዙ ለምን ጠፋ? የቤት ማብላያ ሲኖረን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አክስቴ ጓሮ አፈር የለበሰ ጉብታ አለ። ከአናቱ ቧንቧ ብቅ ብሏል። በአንድ ወገን እበት የሚበጠበጥበት ገንዳ፣ በሌላው ወገን በሲሚንቶ ክዳን የተሸፈነ መውጫ ጉድጓድ አለው። ለሁለት ዓመት ያህል ያ የሲሚንቶ ክዳን በርበሬ ማስጫ ሆኖ ነበር። ባዮጋዙን ስጠይቃቸው «ተበላሽቷል» አሉኝ። ምኑ እንደተበላሸ ግን እሳቸውም ባላቸውም አያውቁም።

እንዲህ ያለ ጉብታ በብዙ ጓሮ አለ። ከሥሩ ያለው ማብላያ ነው፤ እበት አየር ሳያገኝ ተብላልቶ የሚነድ ጋዝ፣ ባዮጋዝ፣ የሚሰጥበት የተዘጋ ጉድጓድ። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ሲጀመር፣ ከኔፓል ሞዴል ተሻሽሎ የተሠራው «ስንዱ» የተባለው ማብላያ በየገጠሩ መገንባት ያዘ። አሳቡ ጥሩ ነው፤ ዛሬም አምንበታለሁ። ከአገራችን የኃይል ፍጆታ ወደ 90 በመቶ የሚሆነው አሁንም እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና የሰብል ተረፈ ምርት ነው። ማሳውን ሊያለማ የሚችለው እበት ምድጃ ውስጥ ይነዳል። ማብላያው ግን ከዚያው እበት እሳቱንም ማዳበሪያውንም ይሰጣል።

ታዲያ ለምን ይቆማል? እስካሁን ያየኋቸው የቆሙ ማብላያዎች አብዛኞቹ ግንባታቸው ደህና ነበር። ያቆማቸው አያያዝ ነው። አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

«ከብት አለኝ፣ እበት ሞልቷል» ብሎ መጀመር

የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራው ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት ነው። ሰው ከብቱን ይቆጥራል፤ እበቱን አይቆጥርም።

አንድ የአገር ውስጥ ከብት በቀን በግምት 10 ኪሎ እበት ይጥላል። ከብቱ ቀን ግጦሽ ላይ ውሎ ማታ በረት የሚገባ ከሆነ ግን ግማሹ ሜዳ ላይ ይቀራል። ጠዋት ከበረት የሚዛቀው 5 ኪሎ ገደማ ነው። አራት ከብት ቢኖራችሁ በእጃችሁ የሚገባው 20 ኪሎ ነው ማለት ነው። ከ1 ኪሎ እበት 40 ሊትር ገደማ ጋዝ ይገኛል። ስለዚህ 20 ኪሎው 800 ሊትር ይሰጣል። አንድ የባዮጋዝ ምድጃ በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሊትር ይበላል። ውጤቱ በቀን የሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ ያለፈ እሳት ነው።

ሁለት ሰዓት ቀላል አይደለም። ወጥ ይሠራል፣ ቡና ይፈላል። ግን «ቀኑን ሙሉ ይነዳል» ተብሎ ለተነገረው ቤተሰብ ያው ኪሳራ ይመስለዋል።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ስህተት አለ፤ በስፋት መፎካከር። የቤት ማብላያ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሜትር ኩብ ነው። ጎረቤት 6 ስላስገነባ «እኔ 10 ካላስገነባሁ» የሚል አለ። ትልቅ ማብላያ በትንሽ እበት ጋዝ አይሞላም። ሲሚንቶውም ጉልበቱም ከንቱ ይሆናል። ልኩን በበጋ በሚኖራችሁ እበት አስቡት። መኖ ሲሳሳና አንዷ ጊደር ስትሸጥ ምን ያህል ይቀራል? ያ ነው ትክክለኛው ቁጥር። ከብቶቹን አስሮ መቀለብ የሚቻል ከሆነ ደግሞ እበቱ እጥፍ ይሆናል፤ ሜዳውም ያገግማል።

ውሃውን መርሳት

እበቱ በእኩል መጠን ውሃ ይበጠበጣል። 40 ኪሎ እበት 40 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ሁለት ጀሪካን፣ በየቀኑ ማለት ነው። ያንን ጀሪካን ማን ነው የሚሸከመው? እናት ወይም ልጅ ናት። እንጨት ለቀማውን ቀንሰንላት በውሃ ሸክም ከተካነው ምኑን አገዝናት?

ውሃው ደርሶ መልስ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚወስድ ከሆነ መጀመሪያ የጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያ አስቡ። የከብት ሽንትም የውሃውን የተወሰነ ክፍል ይተካል። የበረቱን ወለል ትንሽ አዘንብሎ በድንጋይ መንጠፍ ሽንቱን ወደ ገንዳው ያመጣዋል። ሙሉ በሙሉ በሽንት መተካት ግን አይገባም፤ አሞኒያው ሲበዛ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ይጎዳል።

ውፍረቱ ቀጠን ያለ የእንጀራ ሊጥ ቢመስል ጥሩ ነው። ሲወፍር ከላይ ቅርፊት ይሠራል፤ ጋዙም ታች ይታፈናል። ሲቀጥን ደግሞ ጠጣሩ ከታች ይዘቅጣል።

ያገኙትን ሁሉ መጨመር

ጭድ፣ ረጅም ሣር፣ አሸዋ፣ ጠጠር አይግባ። ጭዱ ይንሳፈፋል፤ አሸዋው ታች ተከማችቶ ቦታ ይይዛል። የሳሙና ውሃ አይግባ። አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም እበት ለተወሰኑ ቀናት ለብቻው ይቀመጥ፤ መድኃኒቱ በሽታውን እንደሚገድል ሁሉ የማብላያውንም ባክቴሪያ ይገድላል።

ጥድፊያ

ማብላያ እንደ ሊጥ ቡሃቃ ነው። ካልቦካ አይጋገርም። ታዲያ ለሊጡ እርሾ እንደምናደርግ፣ ለአዲስ ማብላያም ከሚሠራ የጎረቤት ማብላያ ጥቂት ባልዲ ዝቃጭ ወስዶ መጨመር በጣም ያፋጥነዋል። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን ጥቂት ነው።

መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ አይነድም። አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቤተሰቡ ክብሪት ጭሮ እምቢ ሲለው «ውሸት ነው» ብሎ ይተወዋል። ያንን ጋዝ ከቤት ውጭ፣ እሳት በሌለበት አስወጥቶ መጠበቅ ነው። በቆላ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ በደጋ ከወር በላይ ሊፈጅ ይችላል። ባክቴሪያዎቹ የሚወዱት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ15 በታች ሲወርድ ሥራቸው በጣም ይቀዘቅዛል። ደብረ ብርሃን ወይም መንዝ ላይ ያለ ሰው ከባህር ዳር ሰው እኩል ጋዝ አይጠብቅ። ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይምረጥ፤ ጉብታውንም በአፈርና በኮምፖስት ክምር ያልብሰው።

ጋዙ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ምግቡ በየቀኑ ይሁን። ሳምንት ረስቶ የሳምንቱን በአንድ ጠዋት ማጉረስ ሆዱን ያሳምመዋል። አሲድ ይበዛል፣ ሽታው ይኮመጥጣል፣ ጋዙ ይቀንሳል። እንዲህ ከሆነ ለጥቂት ቀናት መመገብ አቁሙና በትንሽ በትንሹ መልሱት።

ሦስት ጉልቻን በአንድ ቀን አሰናብታለሁ ማለት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቅሬታ የሚነሳው ከዚህ ነውና።

የባዮጋዝ ምድጃ ለድስት የተሠራ ነው። የምጣድ ነገር ግን ሌላ ነው። ምጣዱ ሰፊ ነው፤ ሙቀቱ ከመሃል እስከ ጠርዝ እኩል መድረስ አለበት፤ ያለዚያ እንጀራው መሃሉ አርሮ ዳሩ ሊጥ ይሆናል። በባዮጋዝ የሚሠራ የእንጀራ ምጣድ ተሞክሯል፤ አለም። ጋዝ ግን በብዛት ይበላል። አነስተኛ ማብላያ ያለው ቤት በአንድ የጋገራ ቀን ያጠራቀመውን ሊጨርስ ይችላል።

እንጀራ መጋገር ደግሞ የቤታችንን ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስድ ሥራ ነው። ስለዚህ «ባዮጋዝ ካስገባችሁ እንጨት በቃ» ብሎ መቀስቀስ ቤተሰቡን ማታለል ነው። እውነቱን መንገር ይሻላል። ወጡ፣ ሻዩ፣ ቡናው፣ የሕፃናቱ አጥሚት በጋዝ ይሁን። ለእንጀራው «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ ግዙ። ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ይቀንሳል፤ ነበልባሉን ስለሚከልል ጋጋሪዋም አትለበለብም። ሁለቱ ሲጣመሩ ነው ለውጡ የሚታየው። ኩበት መጠፍጠፍ ይቀራል፤ የማታ ጭስ ይቀራል።

በክብሪት መፈተሽ፣ ጉድጓድ ውስጥ መግባት

ይህን በአጭሩና በጥብቅ እላለሁ። ጋዝ የሚያፈስ መገጣጠሚያ በክብሪት አይፈተሽም። የሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። የበሰበሰ እንቁላል ዓይነት ሽታ ወጥ ቤት ውስጥ ከሸተታችሁ ቫልቩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ኩራዝም ሆነ ክብሪት አትለኩሱ።

ጥገና ብሎ ወደ ማብላያው መግባት ደግሞ ሕይወት ይቀጥፋል። ውስጡ ኦክስጅን የለም፤ እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይዱ፣ ደግሞ መርዝ ነው። ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ ይመስላችኋል። የወደቀ ሰው ለማውጣት ተከትሎ የገባም አብሮ ይቀራል። ባለሙያ ሳይኖር ማንም አይግባ። የመውጫው ክዳንም ሁልጊዜ ይዘጋ፤ ልጆችና ጥጆች አሉ።

ዝቃጩን እንደ ቆሻሻ መጣል

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በመውጫው የሚወጣውን ዝቃጭ ባለሙያዎች ባዮስለሪ ይሉታል። ብዙ ቤት ወደ ቦይ ይፈሳል፤ ወይም ጉድጓዱ ዳር ፀሐይ ላይ ተከምሮ ይደርቃል። ሰው ዓይኑ ነበልባሉ ላይ ነው።

ማብላያው ውስጥ የሚሆነውን አስቡት። ጋዝ ሆኖ የሚወጣው በዋናነት ካርቦኑ ነው። ናይትሮጅኑ፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራሉ። ኩበት ስናነድ ግን ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። በ2014 እና በ2015 የማዳበሪያ ዋጋ እንዴት እንደናረ የምታስታውሱ ገበሬዎች ይህን ከእኔ በላይ ትረዱታላችሁ። ዩሪያ ፍለጋ ስትሰለፉ፣ ጓሯችሁ ውስጥ ናይትሮጅን እየፈሰሰ ነበር።

ችግሩ ናይትሮጅኑ በከፊል አሞኒየም ሆኖ መውጣቱ ነው። ተክል በፍጥነት ይወስደዋል። ግን ፀሐይና ነፋስ ካገኘው አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ስለዚህ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ዋናውን ነገር ማባከን ነው።

ከመውጫው አጠገብ ሁለት ጉድጓድ ቆፍሩ፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይቀጥላል። በላያቸው የሣር ጥላ ሥሩ። ከታች ጭድ፣ ገለባ፣ የረገፈ ቅጠል አንጥፉ፤ ዝቃጩ ሲፈስበት ፈሳሹን ይጠጣል። እንደገና ደረቅ ነገር ደርቡ። ማብላያው ውስጥ እንዳይገባ ያልነው ጭድ ቦታው እዚህ ነው። በወራት ውስጥ ጥቁር፣ ሽታ የሌለው፣ በጆንያ የሚሸከሙት ኮምፖስት ይሆናል።

ፈሳሹን ለጓሮ አትክልት በቀጥታ መስጠትም ይቻላል። በውሃ አቅጥኑት፤ ጠዋት ወይም ማታ፣ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ዙሪያ አፍስሱት፤ አፈር አልብሱት። ጎመን፣ ጌሾ፣ በቆሎና ቡና ይወዱታል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መጸዳጃ ቤታችሁ ከማብላያው ጋር ከተያያዘ፣ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣና ቲማቲም ትኩሱን ዝቃጭ አትስጡ። በኮምፖስት ይለፍ።

ቦታ ስትመርጡም ይህን አስቡ። ማብላያው ለበረቱና ለወጥ ቤቱ ቅርብ፣ ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 10 ሜትር የራቀ፣ ከተቻለም ከአትክልቱ ከፍ ያለ ይሁን። ዝቃጩ በስበት ይወርድላችኋል።

ሥልጠናውን ለአባወራው ብቻ መስጠት

ወደ አክስቴ ልመለስ። አንድ ግንበኛ ይዤ ሄድን። አክስቴን «መጨረሻ ላይ ምን ሆነ?» አላቸው። «እሳቱ እየተንቀጠቀጠ፣ ጢጥ ጢጥ እያለ ጠፋ» አሉት። ግንበኛው ፈገግ አለና ወደ ቧንቧው ዝቅተኛ ቦታ ሄደ። እዚያ ትንሽ ቫልቭ አለች። ከፈታት። ውሃ ወጣ።

ጋዙ ከማብላያው ሲወጣ እርጥበት አለው። ቧንቧው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው ሲጠራቀም ጋዙን ይዘጋዋል። ቫልቯ የተሠራችው ያንን ውሃ ለማፍሰስ ነው። በርክክቡ ቀን ይህ ለአጎቴ ተነግሯቸው ነበር። እሳቸው ወጥ ቤት አይገቡም፤ ረሱት። እሳቱን በየቀኑ ለምትለኩሰው ሴት የነገራት የለም። እሳቱ ሲጠፋ ተበላሸ ተባለ፤ ተበላሸ ሲባል እበቱ ቆመ፤ እበቱ ሲቆም እውነትም ሞተ።

ለማስነሳት ወር ፈጀ። በመውጫው በኩል ቅርፊቱ በረጅም እንጨት ተሰበረ፣ ከጎረቤት ቀበሌ በጀሪካን እርሾ መጣ፣ እበቱ በትንሽ በትንሹ ተጀመረ። የምድጃው ጎማም ተሰነጣጥቆ ስለነበር ተቀየረ። በርበሬው ወደ ሰሌን ተዛወረ።

አክስቴ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቡናው ከመቆላቱ በፊት፣ ያቺን ቫልቭ ከፍተው ውሃው እስኪያልቅ ቆመው ይጠብቃሉ።