የፕራዶዬ ኤቢኤስ መብራት እንዴት እንደጠፋ

የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እና የቪኤስሲ (መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው) መብራት አልጠፋ ብሎኝ ነበር፣ በስልክ የሚሰራው ርካሹ ብሉቱዝ ስካነር ደሞ ምንም የብልሽት ኮድ የለም ይላል። አብዛኞቹ እንዲህ አይነቶቹ የሚያነቡት በፒ የሚጀምሩትን የሞተር ኮዶች ነው፣ የኤቢኤስ ግን በሲ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ ለፎርዊል መኪና ስካነር ስትገዙ በናታችሁ ኤቢኤስ ማንበቡን መጀመሪያ ጠይቁ። እኔ ላፕቶፕ ላይ ቴክስትሪም የሚባለውን የቶዮታ መመርመሪያ ሶፍትዌር ጭኜ በሚኒ ቪሲአይ ኬብል ሳገናኘው ወዲያው ሲ0205 አወጣ፣ የፊት ግራ ጎማ ስፒድ ሴንሰር ማለት ነው። ኮድ ስላየሁ ብቻ ግን ሴንሰር ልገዛ አልሮጥኩም፣ ጓደኛዬ ቀስ ብሎ እየነዳ እኔ ላይቭ ዳታውን (ሴንሰሮቹ በዛች ሰዓት የሚልኩትን ቁጥር) ሳይ ሦስቱ ጎማ 20 ሲሉ የግራው አንዴ 20 አንዴ ዜሮ፣ መሪ ሲዞር ደሞ ይብስበታል። ገመዱን ስከተለው ከጎማው ጀርባ ተልጦ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። የተበላውን ቆርጬ በሊድ አያያዝኩት፣ ሽሪንክ (ሲሞቅ የሚጨማደድ የገመድ ፕላስቲክ) አለበስኩት፣ ኮዱን አጠፋሁ፣ መብራቱም አልተመለሰም።