የኑክሌር ትጥቅ ቅነሳ ስምምነትን እንዴት መመዘን ይቻላል?

ስለ ኑክሌር ትጥቅ ቅነሳ የሚወጡ ዜናዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትልቅ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ፤ ስለ ስምምነቱ ጥንካሬ ግን ከሁሉ ያነሰ የሚናገረው ያው ቁጥር ነው። አንድን ስምምነት በአግባቡ ለመመዘን ከፈለጉ ቁጥሩን ለጊዜው ወደ ጎን ትተው ሰነዱ ምን ደረጃ ላይ እንደደረሰ፣ ምኑን እንደሚቆጥር፣ ማን እንደሚያረጋግጥና አባላቱ በምን ሁኔታ ሊወጡ እንደሚችሉ ይመርምሩ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ሰነዱ የተፈረመ ብቻ መሆኑን ወይም ጸድቆ በሥራ ላይ መዋሉን ይለዩ። የኑክሌር ሙከራን ሙሉ በሙሉ የሚያግደው ስምምነት በ1996 ለፊርማ ቢቀርብም፣ በስም የተዘረዘሩ 44 አገሮች ሁሉ ካላጸደቁት ሥራ ላይ ስለማይውል እስካሁን ሕጋዊ ኃይል አላገኘም፤ አሜሪካና ቻይና ፈርመው አላጸደቁትም፣ ሩሲያም ቀድሞ የሰጠችውን ማጽደቂያ በ2023 አንስታለች። ይህ ማለት ግን ሰነዱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ በእርሱ መሠረት የተተከሉት የመሬት ንዝረት፣ የድምፅ ሞገድና የጨረር መከታተያ ጣቢያዎች ሰሜን ኮሪያ ከ2006 እስከ 2017 ያካሄደቻቸውን ሙከራዎች መዝግበዋል። በተቃራኒው የኑክሌር ጦር መሣሪያ ክልከላ ስምምነት ከጥር 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ቢሆንም፣ መሣሪያው ካላቸው አገሮች መካከል አንድም አባል የለውም። ስለዚህ የፈራሚዎቹን ብዛት ሳይሆን ማንነታቸውን ይመልከቱ።

ቀጥሎ የሚመጣው የቆጠራ ደንብ ነው፤ ብዙ አንባቢ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንድ የኑክሌር አረር (የሚፈነዳው ክፍል) በሚሳኤል ላይ የተጠመደ፣ በመጋዘን የተቀመጠ ወይም ከአገልግሎት ወጥቶ መፈታታቱን የሚጠብቅ ሊሆን ይችላል፤ ስምምነቶች ሦስቱንም አንድ ላይ የሚቆጥሩት እምብዛም ነው። አሜሪካና ሩሲያ በ2010 በፕራግ የፈረሙት ኒው ስታርት የተባለው ስምምነት ለእያንዳንዳቸው 1,550 የተጠመዱ አረሮች ጣሪያ ሲያበጅ በመጋዘን ያሉትን አልነካም፤ ቦምብ ጣይ አውሮፕላንም ብዙ መሣሪያ መሸከም እየቻለ እንደ አንድ አረር ብቻ ተቆጥሯል። የ1987ቱ የመካከለኛ ርቀት ሚሳኤሎች ስምምነትም 2,692 ሚሳኤሎችን አስወግዷል፤ ይህ በእርግጥ ትልቅ ውጤት ነበር፤ ሆኖም ሚሳኤሉ ከመውደሙ በፊት የኑክሌር ክፍሉን ነቅሎ ማስቀረት ይፈቀድ ነበር። በመሆኑም «ተወገደ» የሚል ቃል ሲያነቡ የተወገደው ተሸካሚው፣ አረሩ ወይስ በውስጡ ያለው ዩራኒየምና ፕሉቶኒየም እንደሆነ ይጠይቁ። እንደ እኔ አስተያየት፣ ከብዙዎቹ ጎልተው ከሚነገርላቸው ስምምነቶች ይልቅ በጥልቀት የሄደው፣ ሩሲያ 500 ቶን በከፍተኛ ደረጃ የበለጸገ (ለቦምብ የሚሆን) ዩራኒየም የብልጽግና መጠኑን ዝቅ አድርጋ ለአሜሪካ የኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ እንዲሆን የሸጠችበትና ከ1993 እስከ 2013 የዘለቀው ውል ነው፤ ጥሬ ዕቃው ራሱ ከመሣሪያነት ወጥቷልና።

የማረጋገጫውን ሥርዓት ሲመረምሩ ማን፣ የት እና በዓመት ስንት ጊዜ የሚሉትን ዝርዝሮች ይፈልጉ። ኒው ስታርት ለእያንዳንዱ ወገን በዓመት እስከ 18 የቦታ ላይ ፍተሻዎችን ፈቅዶ ነበር፤ ፍተሻው በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ተቋረጠ፣ በ2023 ደግሞ ሩሲያ ተሳትፎዋን አገደች፤ ጣሪያው የስምምነቱ ዘመን በ2026 እስኪያበቃ በወረቀት ላይ ቢቆይም ማየት የሚችል ዓይን ግን ጠፋ። ደቡብ አፍሪካ ስድስት ቦምቦች ሠርታ እንደፈታታቻቸው በ1993 ይፋ ስታደርግ ደግሞ፣ ቦምቦቹ ቀድመው ስለፈረሱ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ባለሙያዎች የማበልጸጊያ ፋብሪካውን የሥራ መዝገቦች ጭምር መመርመር ነበረባቸው። መዝገብ ያልተሟላለት ትጥቅ መፍታት ለማመን እንደሚያስቸግር ከዚህ ይረዳሉ።

ስለ መውጫው ለማወቅ የመጨረሻዎቹን አንቀጾች ማንበብ ይበቃል። ከ1970 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኑክሌር ጦር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ስምምነት በአንቀጽ 10 የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መውጣትን ይፈቅዳል፤ ሰሜን ኮሪያ በ2003 መውጣቷን ያወጀችው ይህንኑ ጠቅሳ ነው። አንቀጽ 6 ደግሞ ትጥቅ ለመፍታት በቅን ልቦና መደራደርን ሲያዝ ቀነ ገደብ አላስቀመጠም፤ የሰነዱ ትልቁ ስንጥቅ ይህ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ካጣሩ በኋላ ወደ ቁጥሩ ይመለሱ፤ መነሻ ዓመቱንም ይፈትሹ። በ1980ዎቹ አጋማሽ 70,000 ገደማ የነበረው የዓለም አረር ክምችት ዛሬ ወደ 12,000 አካባቢ ወርዷል፤ አብዛኛው ቅነሳ የተካሄደው ግን የቀዝቃዛው ጦርነት ባበቃባቸው ዓመታት ነው። በቅርብ ዓመታት ጠቅላላው ድምር የሚቀንሰው በዋናነት ያረጁ አረሮች ስለሚፈታቱ በመሆኑ፣ ለጦር ሠራዊት አገልግሎት ዝግጁ የሆኑትን ቁጥር ለብቻው ነጥለው ያወዳድሩ።