ባቡር ማፏጨት ሲጀምር፦ ጉንፋን የያዘውን ኤሊ እንዴት እንደምንረዳ

ባቡር የኤሊዬ ስም ነው። ስሙን ያወጣለት ድሬዳዋ ምድር ባቡር ይሠራ የነበረው አባቴ ነው፤ ከባድ ነው፣ ቀስ ይላል፣ መንገዱ ላይ የቆመውን ሁሉ ገፍቶ ያልፋል። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለው ግቢያችን 20 ዓመት ያህል ሲኖር አንድም ቀን አልታመመም። አባቴ ሲያርፍ ሐረር ወዳለው ቤቴ ይዤው መጣሁ። ኅዳር ገባ፤ አንድ ማለዳ ቡና ሳፈላ ከመደቡ ሥር ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። ጀበናው መስሎኝ ነበር።

ጎንበስ ብዬ ሳየው አንገቱን አስግጎ፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። በተነፈሰ ቁጥር የፊት እግሮቹ ገባ ወጣ ይላሉ። በግራ አፍንጫው ቀዳዳ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል አረፋ ትነፋና ትፈነዳለች። ጎረቤቴ «ምች መትቶታል» ብለው ዳማ ከሴ ሊቀጥፉ ወጡ።

የመታው ብርዱ ነው። ኤሊ እንደ እኛ ሰውነቱን ከውስጥ አያሞቅም፤ የሚሞቀው አካባቢው ሲሞቅ ነው። ሲቀዘቅዝ በሽታ የሚከላከልበት አቅሙም አብሮ ይደክማል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። በ55 ኪሎ ሜትር መንገድ እኔ ሹራብ ደረብኩ፤ ባቡር ምን ይደርብ? ይባስ ብዬ ያስተኛሁት በባዶ የድንጋይ ወለል ላይ ነበር። ሳንባው ከጀርባው ቅርፊት ሥር የተለጠፈ ነው፤ ደረትን ከሆድ የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ (ድያፍራም) ስለሌለው አስሎ ንፍጡን ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ተራ ጉንፋን የሚመስለው ነገር ሳይታሰብ ወደ ሳንባ ምች ይዞራል። ጎረቤቴ ከእውነቱ ብዙም አልራቁም ነበር።

ያለ ምክንያት እንዳትደናገጡ፦ ኤሊ ውሃ ሲጠጣ አፍንጫውን ጭምር ስለሚነክር ወዲያው ጠብ ጠብ ቢል ችግር የለውም። ደንግጦ ራሱን ሲሸሽግ «እሽሽ» የሚለውም ከሳንባው የሚወጣ አየር ነው። የሚያሳስበው ሳይጠጣ አፍንጫው የረጠበ፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ የሚያፏጭና ምግብ የተወ እንደሆነ ነው።

መጀመሪያ ሙቀት። ትልቅ ካርቶን አምጡ፤ ገለባ አቧራ ስላለው ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፉ። ጫጩት አሳዳጊዎች የሚጠቀሙበትን የማሞቂያ አምፖል በአንደኛው ጫፍ ከላይ በሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ካርቶኑን እንዳይነካ። ቴርሞሜትሩን ከኤሊው ጀርባ ከፍታ ላይ አስቀምጡ እንጂ ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። ቀን ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ይሁን፤ እስኪድን ድረስ ሌሊትም ከ26 ባይወርድ ጥሩ ነው። ሌላኛው ጫፍ ትንሽ ቀዝቀዝ ይበል፤ ሲበዛበት ይሸሽ። መብራት ሲጠፋ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በነጠላ ጠቅልዬ በግራና በቀኙ አደርጋለሁ። የከሰል ምድጃ ግን በጭራሽ። የቡናውን ዕጣንም እሱ ካለበት ክፍል አውጥቻለሁ፤ ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነበር።

ቀጥሎ ውሃ። የታመመ ኤሊ ስለማይጠጣ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ንፍጡ ይወፍራል። በየቀኑ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጋችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አስቀምጡት። የውሃውን ሙቀት እንደ ሕፃን ገላ በክርናችሁ ለኩ፤ ከፍታው ከአገጩ በታች ይሁን። ደካማ ኤሊ ራሱን መያዝ አቅቶት ሊሰጥም ይችላልና አጠገቡ ሁኑ። ሲያበቃ አድርቃችሁ ወደ ሙቀቱ መልሱት። የአፍንጫውን ንፍጥ በጨው ውሃ በራሰ ጥጥ ከውጭ ብቻ ጥረጉ። አክስቴ «ሆዱን ልጠበው» ብላ በጀርባው ልትገለብጠው ነበር፤ ሲገለበጥ የሆድ ዕቃው ሳንባው ላይ ይጫናል። እናንተም ባጠባችሁት ቁጥር እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ኤሊ ጤነኛ መስሎም ሳልሞኔላ የተባለውን ሰው የሚያስተቅምጥ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር። መድኃኒት ፍለጋ ስወጣ አንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ውስጥ ያለ ወጣት «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ለፍየልና ለበግ የሚሰጠውን አይቨርመክቲን አቀበለኝ። አይቨርመክቲን ለኤሊ መርዝ ነው፤ አካሉን ያሽመደምዳል፣ ይገድላል። ደግሞስ የትላትልና የቅማል መድኃኒት ለሳንባ ምን ያደርጋል? ብልቃጡን መልሼለት ወጣሁ፤ ገንዘቤን ግን አልመለሰም።

ሙቀቱን ካስተካከላችሁ በኋላ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ካልተሻለው ወደ ሐኪም ውሰዱት። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ነው። ሐረርና ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ መንገድ ላይ ነው፤ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። ሐኪሙ እንደ ኤንሮፍሎክሳሲን ወይም ሴፍታዚዲም ያለ ፀረ ባክቴሪያ መርፌ ሊያዝ ይችላል፤ መጠኑ በክብደት ስለሚወሰን ከመሄዳችሁ በፊት በኩሽና ሚዛን መዝኑት። 4 ኪሎ የነበረው ባቡር 300 ግራም ቀንሶ ነበር። መርፌውን ብዙ ጊዜ በፊት እግሩ ይወጉታል። የኤሊ ሰውነት መድኃኒቱን የሚያስወግደው በዝግታ ስለሆነ ሴፍታዚዲም በየ72 ሰዓቱ ነው የሚሰጠው። እኔ ሦስተኛው መርፌ ላይ «ድኗል» ብዬ ላቆም ስል ሐኪሙ ተቆጡኝ፤ ልክ ነበሩ፤ ፉጨቱ ጨርሶ የጠፋው በአራተኛው ሳምንት ነው። መብላት ሲጀምር እሾሁ የተላገ የበለስ ቁልቋል ቅጠልና ሣር አቅርቡለት፤ ዳቦና ወተት የእሱ ምግብ አይደለም።

ለመንገዱ፦ ክዳኑ የተበሳ ካርቶን፣ ከሥሩ ፎጣ፣ ከጎኑ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ። ሚኒባስ ውስጥ በሩ አጠገብ አትቀመጡ፤ ነፋስ ይገባል። የተሳፈርኩ ዕለት ረዳቱ ካርቶኑን በእግሩ ገፋ እያደረገ «ምንድን ነው?» አለኝ። «ባቡር» አልኩት። ትንሽ አሰበና የዕቃ ሒሳብ ጨመረብኝ።